ፀሐይ የማትስማማቸው

አማርኛ ለፀሐይ ያደላል። ሁሉ ያወቀው ነገር «ፀሐይ የሞቀው» ይባላል። ክፉ ዘመን አልፎ ደግ ሲመጣ «ፀሐይ ወጣልን» እንላለን። ለልጅ ፀሐይ ብለን ስም እናወጣለን፤ ጨቅላውንም ጠዋት ጠዋት ቅቤ ቀብተን በር ላይ እናሞቀዋለን። አገሪቱም ብትሆን ለቱሪስት ስትሸጥ የኖረችው ፀሐይዋን ነው። ለፈረንጅ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ»፣ ለእኛ ደግሞ «የ13 ወር ፀጋ»። መፈክሩን ያፈለቁት የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» እስኪተካው ድረስ ስንት ፖስተርና ስንት ቲሸርት ላይ እንደተጻፈ ቤት ይቁጠረው።

በዚህ ሁሉ ውዳሴ መሃል ለፀሐይ ያስቀረናት አንዲት ክፉ ቃል አለች። ምች።

«ምች መታኝ» ያለ ሰው ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ራስ ምታት፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከዚያ በማግስቱ ከንፈር ዳር ችፍ የሚል ቁስል። መድኃኒቱም ይታወቃል፤ ዳማከሴ። ቅጠሉ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂው ቡና ውስጥ ጠብ ይደረጋል፣ የተረፈው ግንባር ላይ ይቀባል። ግቢው ውስጥ ዳማከሴ የሌለው ሰው ጎረቤት ይልካል። ኮንዶሚኒየም የገባውም ቢሆን በቆርቆሮ ተክሎ በረንዳው ላይ ያቆመዋል።

ምችን ከሌላው በሽታ ለየት የሚያደርገው ግን ጥፋተኛ መፈለጉ ነው። ምች የመታው ሰው ከመታከሙ በፊት ምርመራ ይጠብቀዋል። «ሽንኩርት በነካ እጅሽ ነው የወጣሽው?» «ላብህ ሳይደርቅ ነው አይደል?» «ከእንቅልፍሽ ተነስተሽ ፊትሽን ሳትታጠቢ?» እናቶቻችን መርማሪ ፖሊስ ቢሆኑ ኖሮ በዚህ አገር ያልተፈታ ወንጀል አይኖርም ነበር። ምርመራው ሁልጊዜ የሚያልቀው በእምነት ክህደት ቃል ሳይሆን በእምነት ቃል ነው። አዎ፣ ሽንኩርት ነክቼ ነበር። (በዚህ አገር ሽንኩርት ያልነካ እጅ ከየት ይመጣል?)

ከንፈር ላይ ስላለው ነገር ከሆነ አያቶቻችን ጥሩ አይተዋል። ያ ችፍታ ሄርፐስ የሚባል ቫይረስ ሥራ ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፤ ከዚያ ፊት ላይ ባለ ነርቭ ሥር ተኝቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ኃይለኛ ፀሐይ ነው። ፀሐይንና ቁስሉን ያገናኘው የመጀመሪያው ሰው ማይክሮስኮፕ አልነበረውም፣ ዓይን ግን ነበረው። ዳማከሴም ቢሆን የበሶብላ የሥጋ ዘመድ ነው፤ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳት እንደሚያበርድ ታይቷል። እንግዲህ በባህል መድኃኒት ላይ ለመሳቅ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ሌላ ገጽ ፈልጉ።

ጣጣው ቃሉ ሆደ ሰፊ መሆኑ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ ቆይቶ ፊቱ ያበጠም ምች፣ ክንዱ ላይ ሽፍ ያለበትም ምች፣ ሦስት ቀን ከአልጋ መውረድ ያቃታትም ምች። ቃሉ ከተነገረ በኋላ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። እኛ ደግሞ ዛሬ የመጣነው ያንን ቀጣይ ጥያቄ ይዘን ነው። ያቺው ፀሐይ፣ በዚያው ሰዓት፣ እዚያው ሰልፍ ላይ የቆሙ መቶ ሰዎችን ዝም ብላ አንዱን ብቻ ለምን ትመታለች?

መጀመሪያ ስለ ፀሐያችን ትንሽ እናውራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የተሰቀለች ከተማ ናት። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ጨረር የሚለካበት ቁጥር አለው፤ 11 ከደረሰ «እጅግ አደገኛ» ነው። አዲስ አበባ በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ 11ን ስትሻገር ማንም ዞሮ አያያትም። ለምን? ነፋሱ ቀዝቃዛ ነዋ! እኛ ፀሐይ መረረች የምንለው ሲሞቀን ነው። ሙቀትና ጨረር ግን አንድ አይደሉም። ሹራብ ለብሶ ፀሐይ የሚመታው ሕዝብ ብንባል ማጋነን አይሆንም።

ክረምትም ቢሆን ማምለጫ አይደለም። ፀሐይ አዲስ አበባ አናት ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይና ነሐሴ መጨረሻ ላይ። የነሐሴዋ ደመና ተከናንባ ስለምትመጣ አናያትም እንጂ ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። የታክሲ መስኮትም እንደዚያው ነው። መስታወቱ አንዱን ዓይነት ጨረር ይይዛል፣ ሌላውን ግን ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት የዕቃ መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። የግራ ጉንጩ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ከቀኙ በአሥርና በሃያ ዓመት ያረጀ ይመስላል። አንድ ፊት ላይ አባትና ልጅ። ጋቢና ለመቀመጥ የምትጋፉ ወገኖች ይቺን ያዙልን።

«እኛ ጥቁር ነን፣ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» የሚል አይጠፋም። እውነትም ሜላኒን ጃንጥላችን ነው። የጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ ሲለካ ቁጥሩ 13 ከሆነ ሰንስክሪን ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ የነጭ ቆዳ ከ3 ብዙ አይበልጥም። ግን ይህ ጃንጥላ የተሰፋው ጤነኛ ቆዳን ከመቃጠል ለመከላከል ነው። ቆዳው ራሱ ፀሐይ አልችል ካለ የጃንጥላው ነገር አበቃ።

ቆዳ ፀሐይ አልችል የሚለው እንዴት እንደሆነ ከሁሉ በተሻለ ያሳየው ፍሪድሪሽ ማየር-ቤትስ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1912 ከደም የሚወጣ ሄማቶፖርፊሪን የተባለ ንጥረ ነገር 200 ሚሊግራም ወስዶ ራሱን ወጋ። እቤት እስካለ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ፀሐይ ላይ ወጣ። ፊቱና እጁ ተነፋ፤ ፎቶውን ያየ ሰው ያው ሰው ነው ብሎ አይምልም። ለሳምንታት ብርሃን ጠላቱ ሆኖ ኖረ። (የዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ መርፌውን ከእጁ ይቀማው ነበር። ኮሚቴ ባለመኖሩ እኛ አወቅን።)

ከዚህ ሰውዬ የምንማረው ይህን ነው፤ ፀሐይዋ ያው ናት። የተለወጠው ውስጥ ያለው ነገር ነው። ብርሃን የሚይዝ ነገር ሰውነት ውስጥ ወይም ቆዳ ላይ ከገባ፣ ትናንት የሞቅናት ፀሐይ ዛሬ ታቃጥለናለች። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ነክተሽ ወጣሽ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ውጠሽ፣ ምን ተቀብተሽ፣ ምን ታመሽ ወጣሽ?» ነው። እማማ ምርመራውን ጀምረውት ነበር፤ ሽንኩርቱ ላይ ቆሙ እንጂ።

ከምንቀባው እንጀምር። ሎሚ። ይቺ ለጥምቀት የምትወረወረው፣ ደረት መትታ ትዳር የምታመጣው ትንሿ ሎሚ ልጣጯ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አለባት። ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ፈስሶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ወዲያው ሳይሆን በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን። ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲድን ቡናማ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ ለመጥፋት ወራት ይፈጃል። ልብ በሉ፣ ይህ አለርጂ አይደለም። ማንም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። የሴቶች የውበት ምክር ደግሞ ምን ይላል? «ፊትሽን ሎሚ ቀቢው፣ ይጠራልሻል።» ሎሚ ተቀብታ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ የቆመች ልጅ ፊቷ ሲጠቁር ተጨማሪ ሎሚ ትገዛለች። ቡና ውስጥ የምንነክራት ጤና አዳምም ያው ናት፤ ቡናው ውስጥ ምንም አይደለችም፣ ቅጠሏን አሽቶ ፀሐይ ላይ የዋለ እጅ ግን ሊቆጣ ይችላል። የአያቶቻችን «ምግብ የነካ እጅሽን ሳትታጠቢ አትውጪ» ከሽንኩርቱ ይልቅ ለሎሚው ይሠራል። በዚህ ሒሳብ ግማሽ ነጥብ እንስጣቸው።

ከምንውጠው ደግሞ የታወቀው ዶክሲሳይክሊን ነው። ከእኛ አንዱ ለፊልድ ሥራ ወደ ጋምቤላ ሲሄድ ለወባ መከላከያ ተብሎ ተሰጠው፤ «ከምግብ ጋር ውሰደው» የሚል ተጽፎበታል። ስለ ፀሐይ ማንም ትንፍሽ አላለም። በአምስተኛው ቀን የእጁ ጀርባ እስከ ሸሚዙ እጅጌ ድረስ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀላ። ጋምቤላ ፀሐዩ ከባድ ነው ተብሎ ታለፈ። አብረውት የሄዱት ሦስቱ የአካባቢው ተወላጆች ግን ምንም አልሆኑም፤ ክኒን አልወሰዱማ! ቴትራሳይክሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ለጭርት የሚሰጠው ግሪሲዮፉልቪን፣ አባቶቻችን ለደም ግፊት የሚወስዱት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሁሉም በዚህ መዝገብ ውስጥ አሉ። (ይህን አንብቦ የአባቱን የግፊት ክኒን የሚደብቅ ሰው ካለ ከእኛ ጋር ተጣላን። መድኃኒት የሚያቆመው ያዘዘው ሐኪም ነው። እኛ የምንለው መድኃኒት ስትገዙ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ ነው፦ «ከፀሐይ ጋር ይስማማል?»)

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ሎሚው ይታጠባል፣ ክኒኑ ያልቃል፣ ቆዳው ይመለሳል። የሚከብደው ነገሩ ከውስጥ ሲሆን ነው።

አንዲት ጓደኛ አለችን። ስሟ እዚህ አይጻፍም፤ ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ፈቅዳለች፣ እንዲያውም ሁለት ቦታ ላይ አርማናለች። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሥራ በያዘች በሁለተኛው ዓመት ሁለቱ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ወጣ። የሰፈር ሰው አየና ፈረደ፤ ማድያት። ማድያት ደግሞ መድኃኒቱ ሱቅ ውስጥ ነው። ኮስሞቲክስ የምትሸጥ ልጅ በትንሽ ብልቃጥ የተቀላቀለ ክሬም ሰጠቻት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቷ እንደ መስታወት ጠራ። ከዚያ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ከጓደኛም ጭምር ነው፤ ብጉርና መቅላት ጨምሮ። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ እብጠትን ዝም ያሰኛል፤ ሐኪም ሳያየው ሲሰነብት ቆዳ ያሳሳል፣ ሲቆም ደግሞ በሽታው ከእነወለዱ ይመለሳል። ሳስቶ የቀረ ቆዳ ለፀሐይ ምን እንደሚመቻት አስቡት።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። «ኮምፒውተር አብዝተሽ ነው» ተባለች። ፀጉሯ መርገፍ ጀመረ። «ሂውማን ሄሩ ነው፣ ሹሩባው ነው።» አንድ ክሊኒክ አለርጂ ነው ብሎ ክኒን ሰጣት፤ ክኒኑ እንቅልፍ ሰጣት እንጂ ሌላ አልሰጣትም። በሹክሹክታ ደግሞ ሌላ ነገር ይወራ ነበር፤ የከሳች፣ ፊቷ የተበላሸና ፀጉሯ የሳሳ ወጣት ሴት ስታልፍ በዚህ ከተማ ምን እንደሚወራ ታውቁታላችሁ። ሁለት ጊዜ ተመርምራ ነጻ መሆኗን አይታለች፤ የምርመራ ወረቀት ግን ግንባር ላይ አይለጠፍም። እናቷ ጸበል ወሰዷት። ጸበሉ በሌሊት ስለሆነ ያን ሰሞን ደህና ሆና ነበር፤ አሁን ስናስበው ምናልባት ፀሐይ ስላላገኛት ይሆናል ብላ እሷው ትስቃለች። እናቷ ግን በዚህ ትርጓሜ አይስማሙም፤ እኛም ከእናት ጋር አንከራከርም።

ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ መጣ። ቲሸርቷን ለብሳ ከእኛ ጋር ከመስቀል አደባባይ ተነሳች። አሥሩን ኪሎ ሜትር ሮጠች ማለት ይከብዳል፤ እንደ አብዛኛው ሰው ጨፈረችው። ሙዚቃው፣ የሚረጨው ውኃ፣ ፀሐዩ፣ አራት ሰዓት ድረስ ፎቶ። ማታ ላይ ትኩሳት ያዛት። በማግስቱ ፊቷ፣ አንገቷና ክንዷ፣ ልክ ቲሸርቱ የሚያቆምበት ድረስ፣ ሽፍ አለ። ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ጎረቤት ዳማከሴ ይዞ ገባ። ላብሽ ሳይደርቅ ነዋ፣ ነገርንሽ እኮ! ምች።

ከዚያ በኋላ ነው አንዲት የቆዳ ሐኪም ዘንድ የደረሰችው። ከመጀመሪያው ጠባሳ እስከዚያ ቀን አሥራ ስድስት ወር ሆኗል። ሐኪሟ ፊቷን በመብራት አይታ እንደ ሌሎቹ ወረቀት ላይ ለመጻፍ አልቸኮለችም። «ፀሐይ ላይ ከዋልሽ በማግስቱ ምን ትሆኛለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው ናት። ጓደኛችን የሩጫውን ነገር ስትነግራት ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጣትሽስ? ጠዋት ጠዋት? ፀጉርሽስ? አፍሽ ውስጥ የማያም ቁስል ይወጣል? ደም ታዘዘ፣ ሽንት ታዘዘ።

ሉፐስ ነበር። ቃሉ በላቲን ተኩላ ማለት ነው፤ የድሮ ሐኪሞች ፊት ላይ የሚያደርሰውን አይተው የተኩላ ንክሻ መሰላቸው። (እኛ ብንሰይመው ጅብ ነበር የምንለው።) የሰውነት ዘበኛ የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ የሚደበድብበት በሽታ ነው። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በወጣትነት የሚያዙ። ፀሐይ እዚህ ውስጥ ምን ትሠራለች? ጨረሩ የቆዳ ሴሎችን ይገድላል። በጤነኛ ሰው ሬሳው ወዲያው ተጠርጎ ይቀበራል፣ ለቅሶ የለም። ሉፐስ ያለበት ሰው ላይ ግን ዘበኛው ያን ሬሳ አይቶ ጦርነት ያውጃል፤ ጦርነቱ ደግሞ ፊት ላይ አይቆምም። መገጣጠሚያ፣ ደም፣ ልብ፣ ኩላሊት። የጓደኛችን ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ። ኩላሊቷ መነካት ጀምሮ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናንሳ። ይህን በሽታ ስንጽፍ በየመጽሐፉ ያየነው ፎቶ ነጭ ጉንጭ ላይ የተዘረጋ ቀይ ቢራቢሮ ነው። የሐበሻ ጉንጭ ላይ ቢራቢሮው ቀይ አይሆንም፤ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ነው፣ አንዳንዴም ልክ ማድያት ነው የሚመስለው። ልዩነት ግን አለው። ማድያት አያሳክክም፣ አያብጥም፣ ትኩሳት የለውም፣ ጣት አያስርም። የሉፐሱ ጥላ ብዙ ጊዜ ከአፍንጫ ክንፍ ወደ አፍ ጥግ የሚወርደውን መስመር ዘሎ ያልፋል። ይህን ማወቅ ማንንም ሐኪም አያደርግም። ክሬም ለመግዛት የወጣች እህታችሁን ግን መንገድ ሊያስቀይራት ይችላል።

የተሰጣት መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። የወባ መድኃኒት ነበር፤ ለሉፐስ ደግሞ ዘበኛውን ያረጋጋል፣ ቆዳውንም ፀሐይ ያስችለዋል። ምጸቱን አያችሁ? አንዱ የወባ መከላከያ ጋምቤላ ላይ ጓደኛችንን ሲያቃጥል ሌላው የወባ መድኃኒት ሌላዋን ከፀሐይ ያስታርቃል። ለዓመታት የሚወሰድ ስለሆነ ዓይንን በየጊዜው ማሳየት ያስፈልጋል። ሌላው ችግር መገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ክኒኑ ለኮቪድ ይሆናል ተብሎ በየአገሩ መሪ ሲያወራለት ዓለም በሙሉ ተሻማበት። በኋላ ለኮቪድ እንደማይጠቅም በትልልቅ ጥናቶች ተረጋገጠ። በዚያ መሃል ግን እኛ አራት ሆነን ከፒያሳ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛ እስከ ሳሪስ በየፋርማሲው ዞረናል። አንዱ ፋርማሲስት «እናንተም ለኮሮና ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ጓደኛችን ማስኳን አውርዳ ጉንጯን አሳየችው። ከጓዳው ሁለት ቅጠል ክኒን አውጥቶ ሰጠን። ለማን አስቀምጦት እንደነበር አልጠየቅንም።

አሁን ደህና ናት። ደህና ማለት ምን ማለት ነው ከተባለ፣ የሽንቷ ፕሮቲን ጠፍቷል፣ ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ ፀጉሯ ተመልሷል። እጅጌዋ ረጅም፣ ባርኔጣዋ ሰፌድ ያህላል። ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ያለውን ጊዜ በተቻለ መጠን ጣሪያ ሥር ታሳልፋለች። ሰዓት ሳታይ የምታውቅበት ዘዴም አላት፤ ጥላዋ ከቁመቷ ካጠረ ወደ ውስጥ ትገባለች። ቆዳን ከፀሐይ የከለለ ሰው ቫይታሚን ዲ ሊያጥረው ስለሚችል እሱንም ተለክታ ትወስዳለች።

ሰንስክሪን ሌላ ራስ ምታት ነው። ፊት፣ አንገትና እጅ በአግባቡ ከተቀባ፣ በየሁለት ሰዓቱም ከተደገመ፣ አንዷ ቱቦ ወር አትሞላም። የሚሸጠው ደግሞ ሊፕስቲክ አጠገብ ነው፤ ቅንጦት ይመስል። ለእሷ ግን ከክኒኑ እኩል ነው። ከእሷም በላይ የሚያስፈልጋቸው አሉ፤ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን። ቆዳቸው ያንን የ13 ቁጥር ጃንጥላ ይዞ አልተወለደም። በአፍሪካ እነዚህን ሰዎች በወጣትነታቸው ከሚቀጥፏቸው ነገሮች ዋናው የቆዳ ካንሰር ነው፤ ልንከላከለው የሚቻል ካንሰር። ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ ውስጥ በሚገኝ የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ ኪሊሰን የሚባል ሰንስክሪን ለእነሱ ተብሎ እዚያው ይመረታል፣ በነጻም ይታደላል። እዚህ በየዓመቱ ሰኔ 6 የአልቢኒዝም ቀን ሲከበር ንግግር እንሰማለን፤ ንግግር ግን አይቀባም። ልጁ ክፍል ውስጥ መስኮት አጠገብ ይቀመጣል፣ ሰልፍ ላይ ባንዲራ እስኪሰቀል ባዶ ራሱን ይቆማል። ባርኔጣ ለማድረግ ከዩኒት ሊደሩ ፈቃድ መለመን አለበት።

ጃንጥላም አለ። ቃሉ ራሱ «ጥላ» ይላል እንጂ «ዝናብ» አይልም። እናቶቻችን በበጋ ሲይዙት አንድም ቀን አላፈሩም። ወጣት ሲይዘው ግን ከተማው ያብዳል። ጓደኛችን ጥር ላይ ይዛው በቦሌ ስታልፍ አንዱ ጎረምሳ «እሙዬ፣ ዝናብ አለ እንዴ?» አላት። «አለ፣ አንተ ጋ አልደረሰም» ብላው አለፈች። አብረናት ያለን ወንዶች ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራ በተራ እንይዝላታለን፤ ሲሳቅብን ደግሞ ዓይናችንን ወደ ሰማይ እያነሳን ደመና የምንፈልግ እንመስላለን።

የታላቁን ሩጫ ቲሸርት ዘንድሮም ገዝታለች። ሩጫው ቀን ላይ በሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በየበራችን እየደወለች ትቀሰቅሰናለች። ሐኪሟ የፈቀደችላት አምስት ኪሎ ሜትር ነው። እሷ ከፊት፣ እኛ ቲሸርታችንን ለብሰን እያዛጋን ከኋላ፣ የሰፈር ውሾች ደግሞ ከእኛ ኋላ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቤቷ ገብታ መጋረጃውን ትዘጋና ሩጫውን በቴሌቪዥን ለማየት ቡና ታፈላለች።